የጎረቤት ሸማቂ

መጋቢት 25 ቀን 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ከኦጋዴን ጦርነት ወዲህ አሥር ዓመት ሙሉ ሲሸሹት የኖሩትን ስምምነት ተፈራረሙ። ጦራቸውን ከወሰን ሊያርቁ፣ ምርኮኛ ሊለዋወጡ፣ የተቋረጠውን ግንኙነት ሊያድሱ ቃል ገቡ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንዱ የሌላውን አማጺ ማስጠለሉንና ማስታጠቁን እንዲያቆም ተስማሙ። ስምምነቱ በዚያ ሰሞን የተፈረመበትን ምክንያት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከሁለት ሳምንት በፊት የኤርትራው ሻዕቢያ አፋቤት ላይ የደርግን ናደው ዕዝ ደምስሷል፤ ደርግ በምሥራቅ ያሰለፈውን ጦር በፍጥነት ወደ ሰሜን ማዞር ነበረበት። ለሶማሊያው መሪ ለዚያድ ባሬ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በእጁ ነበረ። እርሱም ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ መሬት ላይ ሰፍሮ ሰሜን ሶማሊያን ሲያጠቃ የኖረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ነው። ንቅናቄው ሰፈሩን እንዲለቅ ተነገረው። ተዋጊዎቹ ግን ትጥቅ ከመፍታት ይልቅ አገራቸው ገብተው መዋጋትን መረጡ፤ ግንቦት 19 ቀን ቡርኦን፣ ከአራት ቀን በኋላም ሐርጌሳን ወረሩ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ሐርጌሳን ደበደቡ። ከተማዋ ፈረሰች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ወሰን ተሻግሮ እንደ ሐርተ ሼክ ባሉ መጠለያዎች ሰፈረ።

በአፍሪካ ቀንድ የጎረቤትን ሸማቂ አስጠልሎ ጎረቤትን ማስጨነቅ ከ1950ዎቹ ወዲህ የመንግሥታት የተለመደ የውጭ ፖሊሲ ሆኖ ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ “ማን ማንን አስታጠቀ?” በሚል ክስ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። እኔ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያስታጠቀው መንግሥት በመጨረሻ ምን አገኘ? ተጽዕኖ አላገኘም ብዬ እሟገታለሁ። ተጽዕኖ ማለት ጎረቤት በፈቃዱ የአንተን ጥቅም ቆጥሮ እንዲወስን ማድረግ ከሆነ፣ ሸማቂ ይህን አያስገኝም። የሚያስገኘው የመጉዳት አቅም ነው፤ ጉዳቱን ለማቆምም ዋጋ መጠየቅ ያስችላል። ዋጋው የሚገኘው ግን እንግዳው ሲሸጥ ነው። ስለዚህ መጋቢት 1980 ላይ የሆነው ከአሠራሩ ያፈነገጠ ክሕደት አልነበረም፤ አሠራሩ ራሱ ወደዚያ ይመራ ነበር።

አስጠላዩ መንግሥት ለሸማቂ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ጠመንጃ ይመስለናል። ጠመንጃ ከካይሮም፣ ከደማስቆም፣ ከትሪፖሊም ይመጣል፤ ከጠላትም ይማረካል። መሬት ግን ጎረቤት ብቻ ነው የሚሰጠው። ቁስለኛ የሚታከምበት፣ ቤተሰብ የሚጠለልበት፣ እህል የሚራገፍበት፣ ምልምል የሚሠለጥንበት፣ የተሸነፈ ጦር ተሰብስቦ ትንፋሹን የሚመልስበት ደጀን ከሌለ ሸማቂ ብዙ አይቆይም። የኤርትራው ጀብሃ በ1952 ካይሮ ላይ ተመሠረተ፤ በሚቀጥለው ዓመት ማብቂያ ላይ የመጀመሪያውን ጥይት ከተኮሰ በኋላ ግን ሕይወቱ የተመሠረተው በሱዳኗ ከሰላና በአካባቢዋ ነው። በሌላው በኩል የደቡብ ሱዳኑ አኛኛ ከእስራኤል የሚላክለት መሣሪያ በኡጋንዳና በኢትዮጵያ በኩል ያልፍለት ነበር። የካቲት 1964 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሱዳን መንግሥትና የአኛኛ ስምምነት የተቻለው የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት አንዱ የሌላውን ጉሮሮ እንደያዘ ስለሚያውቁ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሸምጋይነት ያስገኙት ሰላም ለሱዳን አሥራ አንድ ዓመት ቆየላት፤ የአኛኛ ተዋጊዎችም ከሱዳን ጦር ጋር ተዋሐዱ። ኢትዮጵያ በልዋጩ የጠበቀችው የከሰላ በር መዘጋት ግን ለጊዜው ጠበብ ከማለት አላለፈም። የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ ከደርግ ጋር በተቃቃሩ ጊዜ፣ በ1969፣ የኤርትራ ግንባሮችን እንደሚደግፉ በይፋ ተናገሩ። ኢትዮጵያ የሸጠችው ለዘለቄታው ተሽጧል፤ የገዛችው ግን ተመልሶ የሚወሰድ ነበር።

ነገሩ የአብዮት ዘመን ፈጠራ እንዳልሆነ ለማስታወስ ወደ ኋላ ልመለስ። ጣሊያን አፄ ዮሐንስን ለማዳከም የመረጠችው መንገድ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ማስታጠቅ ነበር፤ በጥቅምት 1880 በተደረገው ውል 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጣቸው ቃል ገባች። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ የታጠቀው ወዳጅ የውለታ ባለ ዕዳ ይሆናል፣ ባለ ዕዳም ይታዘዛል። ከዘጠኝ ዓመት ያነሰ ጊዜ አለፈና ያው የታጠቀው ንጉሥ ዐድዋ ላይ ተሰለፈ። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 በትርጉም ስሕተት ብቻ የሚያነብ ሰው ከውሉ ሥር ያለውን ቀድሞ የተሳሳተ ስሌት ያልፈዋል። የሮም ሰዎች ጠመንጃ የተቀበለውን ሰው ዓላማ ከጠመንጃው ጋር አብረው የላኩለት መስሏቸው ነበር።

ደርግ ይህን ስሕተት ላለመድገም ተጠንቅቋል ማለት ይቻላል። ግንቦት 8 ቀን 1975 ቦር ላይ የሰፈረ የሱዳን ሻለቃ ጦር ሲያምፅ፣ ሸሽተው ወደ ጋምቤላ የገቡት መኮንኖችና ፖለቲከኞች ስለ ዓላማቸው አልተስማሙም ነበር። አኩኦት አቴምና ሳሙኤል ጋይ ቱት ደቡብን መገንጠል ይሹ ነበር፤ ኮሎኔል ጆን ጋራንግ ደግሞ ተሐድሶ ያገኘች፣ አንድ የሆነች “አዲስ ሱዳን” አሉ። በኤርትራ ከመገንጠል ጥያቄ ጋር የሚዋጋ መንግሥት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ጋራንግ የመሩት የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር ማኒፌስቶ የአንድነትና የሶሻሊዝም ቋንቋ ተናገረ፤ ኢታንግ፣ ቢልፋም፣ ቦንጋ፣ ዲማና ፉኝዶ ሰፈሮቹ ሆኑ፤ ሬዲዮውም ከኢትዮጵያ መሬት ይሰማ ጀመር። የተገፉት ሰዎች ግን አልጠፉም። አኛኛ ሁለት ተብለው ካርቱም አስታጠቀቻቸው፤ የደቡብ ሰው በደቡብ ሰው ላይ ለዓመታት ተኮሰ። ጆን ጋራንግ የአንድነትን መንገድ ከልባቸው ያምኑበት እንደነበር እቀበላለሁ። የምለው ይህ ነው፦ ከሁለት የደቡብ ሐሳቦች አንዱ ጠመንጃ ያገኘው አብዛኛው የደቡብ ሕዝብ ስለፈለገው አልነበረም፤ ለአዲስ አበባ ስለተስማማ ነበር። ሕዝቡ የሚፈልገውን የተናገረው በ2003 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ 99 በመቶ ያህሉ መራጭ መገንጠልን መረጠ። የሌላው አስታጣቂ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ያጥራል። ሊቢያ ኒሜሪን ስለጠላች ነጻ አውጪውን ጦር ትደግፍ ነበር፤ በ1977 ኒሜሪ ሲወድቁ ድጋፏን አዙራ ለካርቱም ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰጠች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምታስተምር ከተማ ኩርሙክ ትመስለኛለች። ወሰኑ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የሱዳን ከተማ ናት፤ በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ታናሿም በዚሁ ስም ትጠራለች። በኅዳር 1980 የጋራንግ ጦር በደርግ ድጋፍ ኩርሙክንና ጌሳንን ያዘ። ካርቱም ውስጥ የተሰማው ድንጋጤ ከከተሞቹ መጠን ጋር አይመጣጠንም ነበር፤ ደቡባዊው ጦርነት ወደ ሰሜን ተሻገረ ተባለ፣ የዓረብ አገሮች እርዳታ ተጠየቀ፣ ከተሞቹም በሳምንታት ውስጥ ተመለሱ። የድንጋጤው ውጤት ካርቱም ለኤርትራና ለትግራይ ድርጅቶች በሯን ይበልጥ መክፈቷ ሆነ። በጥር 1982 ኦነግና ሻዕቢያ አሶሳን ሲይዙ ደርግ እነርሱን ለማስወጣት የጋራንግን ተዋጊዎች አሰለፈ፤ የሱዳን ሸማቂ በኢትዮጵያ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባ። እንግዳው የአስጠላዩን ጠላቶች ሲወርስ የአስጠላዩን ዕጣም ይወርሳል። ከዚያ ሰባት ዓመት አለፈ። በጥር 1989 ያው ጦር እንደገና ኩርሙክንና ጌሳንን ያዘ፤ አሁንም ከጀርባው ኢትዮጵያ ነበረች። በአዲስ አበባ የተቀመጠው ግን ያንን ጦር በ1983 ከጋምቤላ ያስወጣው ኢሕአዴግ ነው። ርዕዮተ ዓለሙ፣ ዓለም አቀፍ ወዳጁ፣ መሪዎቹ ሁሉ ተለውጠዋል፤ መሣሪያውና ከተማዋ ግን አልተለወጡም።

ወደ ሶማሊያ ስንመለስ የደርግ ልምድ ይበልጥ መራራ ነው። ሶማሊያ በሐምሌ 1969 የጀመረችው ወረራ ራሱ የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባርን ስም ለብሶ ነበር፤ መደበኛው ጦር ከግንባሩ ኋላ ገብቶ በመስከረም 1970 ጅጅጋን ያዘ። በኩባ ወታደሮችና በሶቭየት መሣሪያ ታግዛ ኢትዮጵያ ወረራውን በመለሰች በወሩ፣ ሚያዝያ 1970፣ በሞቃዲሾ የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ኮሎኔል አብዱላሂ ዩሱፍ ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። በእርሳቸው መሪነት የተቋቋመው ግንባር በ1974 ክረምት ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ባላምባሌንና ጋልዶጎብን ያዘ። ደርግ የዚያድ ባሬ መንግሥት ይናወጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በኦጋዴን ሽንፈት የተዋረደው መንግሥት የተወረረች አገር ጠባቂ ሆኖ ተነሣ፤ አሜሪካ በአውሮፕላን መሣሪያ ላከችለት፤ በሥርዓቱ የተማረረ ብዙ ሶማሌ የአዲስ አበባ እንግዳ ከመባል ዝም ማለትን መረጠ። የተያዙትን ሁለት ከተሞች ማን ያስተዳድር በሚለው ጉዳይ አብዱላሂ ዩሱፍ ከአስጠላዮቻቸው ጋር ተጋጩ። ነጻ የወጣ የሶማሊያ መሬት ነው አሉ፤ ደርግ ግን የኢትዮጵያ ይዞታ አድርጎ ያየው ነበር። በመጨረሻ አዲስ አበባ አሠረቻቸው፤ እስር ቤቱ የተከፈተላቸው በ1983 ደርግ ሲወድቅ ነው። ግንባሩ መሪውን ሲያጣ ፈረሰ። ስለዚህ በመጋቢት 1980 ለሽያጭ የቀረበው ሁለተኛው የሶማሊያ ድርጅት ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያውን ባለቤቱ ራሱ አጥፍቶታል።

ተቃውሞው ይታወቀኛል። ከሁሉ የሚከብደው ካርቱምን ይጠቅሳል፦ ሱዳን ለሠላሳ ዓመት ከሰላንና ፖርት ሱዳንን ከፍታ ኖረች፤ በ1977 ትግራይ ውስጥ በድርቅና በጦርነት የተመታው ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ገበሬ ወሰን ተሻግሮ ሲገባ አስጠለለች፤ የእርዳታ እህል በሌሊት ወደ ነጻ መሬት ሲገባ መንገድ ሰጠች፤ በግንቦት 1983ም ያስጠለለቻቸው ሰዎች አዲስ አበባና አስመራ ገቡ። ከዚህ የበለጠ ድል ከየት ይምጣ? እውነት ነው፣ ካርቱም ትርፍ አገኘች። ኢታንግ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ከጎርፍ ወቅት በፊት ወደ ናስርና ወደ ፖቻላ ተመለሰ፤ ደጀኑን ያጣው የጋራንግ ጦር በነሐሴ ወር ናስር ላይ ለሁለት ተከፈለ፤ በየካቲት 1984 የሱዳን መንግሥት ፖቻላን መልሶ ያዘ። ትርፉ የቆየው ግን ስንት ዓመት ነው? በ1987 ኤርትራ ከሱዳን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የሱዳን ተቃዋሚዎች ሁሉ አስመራ ላይ ተሰበሰቡ፤ በኋላም የሱዳን ኤምባሲ ሕንፃ ተሰጣቸው። ሰኔ 19 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ በግብጹ ፕሬዚዳንት በሆስኒ ሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ኢትዮጵያ ተጠርጣሪዎቹን አሳልፋ እንድትሰጥ ካርቱምን ጠየቀች፤ ጉዳዩም እስከ ተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደረሰ። ከሙከራው ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ የኩርሙክ ጦርነት መጣ። ካርቱም ከሠላሳ ዓመት ደጋፊነቷ የገዛችው አራት ዓመት ወዳጅነት ነው። ምክንያቱ የነጻ አውጪዎቹ ውለታ ቢስነት አይደለም። አዲሶቹ መሪዎች አገር መምራት ሲጀምሩ የአገር ጥቅም ያዛቸው፤ የካርቱምን የደኅንነት ሰዎች፣ መንገዶቿንና ድክመቶቿን ደግሞ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንግድነት የዓመታት ሥልጠና ሰጥቷቸዋል።

ሌላው ተቃውሞ ድሀ አገር ሌላ ምን ምርጫ አላት የሚል ነው። ረጅም ወሰን፣ ደካማ ጦር፣ ባዶ ካዝና ያለው መንግሥት ጎረቤቱ አማጺ ሲያስታጥቅበት እጁን አጣምሮ ይቀመጥ? አጸፋ መመለስ የመከላከል ወጪ መቆጠቢያ ነው ይባላል። ይህን በቀላሉ አልጥለውም፤ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ የተቀመጠ ማንኛውም መንግሥት ሞቃዲሾም ካርቱምም ሲያስታጥቁበት ዝም ይላል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ሒሳቡ ሲደረግ ወጪው ሁሉ ይቆጠር። ደርግ በመጋቢት 1980 ከምሥራቅ ያዞረው ጦር በሰሜን ጦርነቱን አላሸነፈለትም፤ አፋቤት የጀመረው ሽንፈት ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ደረሰ። የዚያድ ባሬም ሥርዓት በጥር 1983 ወደቀ፤ የሻዕቢያና የሕወሓት ሰዎች በሶማሊያ ፓስፖርት ዓለምን ሲዞሩ ያዋሰቻቸው አገር መንግሥት አልባ ሆነች። ሦስቱም አስጠላዮች ጎረቤታቸውን ሲያደሙ የቤታቸውን ጥያቄ መመለስ ዘነጉ። ሐርጌሳም፣ ናቅፋም፣ ቦርም መጀመሪያ ያመፁት ከውጭ በመጣ ጠመንጃ አይደለም፤ ጠመንጃው የበቀለበትን ቂም የገዛ መንግሥታቸው ዘርቶታል። ጎረቤት ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም፤ ስለዚህ ጎረቤትን በመቅጣት አይጠፋም። ርካሽ የሚመስለው አጸፋ ውድ የሆነው እዚህ ላይ ነው።

ድጋፉ ከስሌት ይልቅ ከወገንተኝነት የመነጨ ነው የሚሉም አሉ፤ ሶማሌው ለሶማሌ፣ አብዮተኛው ለአብዮተኛ ያዘነው ከልቡ ነው ይላሉ። ግለሰቦች ከልባቸው አዝነዋል፤ የከሰላ ነጋዴና የጋምቤላ ኑዌር ዘመዱን ያበላው የደኅንነት ቢሮ አዝዞት አይደለም። መንግሥታት የሚፈተኑት ግን የወገን ጥቅምና የቤተ መንግሥት ጥቅም ሲለያዩ ነው። ሞቃዲሾ የኦጋዴኑን ግንባር በ1980 ተወችው፤ አዲስ አበባ የሐርጌሳዎቹን ተወች። በግንቦት 1990 ኢትዮጵያና ኤርትራ እርስ በርስ ሲዋጉ ሁለቱም ከካርቱም ጋር ለመታረቅ ተሽቀዳደሙ፤ አስመራ ላይ አንድነት የማለው የሱዳን ተቃዋሚ ኅብረት ከሁለቱም አጋሮቹ ድጋፍ ጎደለበት፣ የኤምባሲው ሕንፃም ለካርቱም ተመለሰ። ኦነግና ኦብነግ በበኩላቸው የአስመራ እንግዶች ሆኑ። በጥቅምት 1999 ኤርትራ የምሥራቅ ሱዳንን አማጽያን ከካርቱም ጋር አስማምታ ለሸምጋይነቷ ዋጋ አገኘች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አብዱላሂ ዩሱፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ታሥረው የነበሩት ሰው፣ የሶማሊያ የሽግግር ፕሬዚዳንት ሆነው በኢትዮጵያ ጦር ታግዘው ወደ ሞቃዲሾ የሚገቡበት መንገድ ተከፈተ። ሁለት ዓመት ቆይተው ሥልጣን ለቀቁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የበረታው አልሸባብ ነው። በሐምሌ 2010 አዲስ አበባና አስመራ ሲታረቁ ደግሞ የአስመራ እንግዶች ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሃያ ዓመት የቆየ መደራደሪያ በሳምንታት ተመነዘረ።

በእነዚህ ሁሉ ስምምነቶች ላይ ሳይፈርም ዋጋ የከፈለው የወሰኑ ሰው ነው። ኢታንግ በ1975 በባሮ ዳር ያለች የገበሬና የዓሣ አጥማጅ ሰፈር ነበረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ካሉ ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዷ ሆነች፤ በእርዳታ እህሉ መጋዘን አጠገብ የጦር ምልመላ ይካሄድ ነበር፤ የአኙዋክ ገበሬ በገዛ መሬቱ የታጠቀ እንግዳ ሲፈርድበት ኖረ፣ አቤት የሚልበት የመንግሥት ቢሮ ግን እንግዳውን የጋበዘው ራሱ ነበር። በ1983 እንግዶቹ በአንድ ሳምንት ሄዱ፤ ቂሙና ጠመንጃው ቀሩ። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ነጻነቷን አወጀች፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ በኢታንግ የሠለጠኑት የጦር አበጋዞች ጁባ ላይ እርስ በርስ ተታኮሱ። ሕዝቡ እንደገና ባሮን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። ቲርኪዲና ኩሌ የተባሉት መጠለያዎች በ2006 የተከፈቱት በዚያው በኢታንግ ወረዳ ነው፤ የገቡትም አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው።